ስድስት ቀን

ፋይሉ ቀጭን ነው፤ ሰባት ገጽ ወረቀት፣
ዝገት የበላው ክሊፕ የተሰካበት።
ትራፊኩ በእርሳስ ሐረጎን ሥሎታል፣
እንደ ደከመው እባብ አጥፎ አስተኝቶታል፤
ሦስተኛው ኩርባ ላይ አንዲት አራት ማዕዘን፣
ጎኗ ላይ የሰሌዳ ቁጥር፣ ሰዓትና ቀን።
እኔ ከካሳ ክፍል፣ ኮምቦልቻ ቅርንጫፍ፣
እንጀራዬ መጠየቅ፣ መደመርና መጻፍ።

«ስም?»
«ሙሄ።»
«የአባት?»
«እንድሪስ።»
«ምን ጭነህ ነበረ?»
«ሽንኩርት ነው፣ ከቆቦ፤ ሌሊቱን ስገሠግስ።
ሱብሒን ውጫሌ ሰግጄ ነው ያለፍሁ፣
ደሴን ወጣ እንዳልሁ ጉም ውስጥ ተዘፈቅሁ።
መብራቴን ባበራው ራሱን አሳየኝ፣
ነጭ በነጭ ላይ ሆኖ መንገድ ከለከለኝ።
ድንገት አህያ መጣች፣ ከኋላዋም ልጅ፤
መሪውን ወደ ገደል፣ በዚህ በቀኝ እጅ።»

«ልጁስ?»
«ደኅና ነው፤ ጉልበቱ ተላጠ።
አህያዋን የኋላው ጎማ ጨረሳት።
ሽንኩርቱ ቁልቁል ወደ ቦርከና አመለጠ።»

መንጃ ፈቃዱን ሰጠኝ፤ ጠርዙ የተበላ፣
ፎቶው ላይ ጎረምሳ ነው፣ ጺሙ ገና ያልሞላ።
«የሚያበቃበት ቀን፦ ሐምሌ ሠላሳ» ይላል።
አደጋው ነሐሴ ስድስት። ጣቴ ይቆጥራል፣
ይደግማል፤ ስድስት ነው። አምስት ቢሆን ብዬ ተመኘሁ፤
አምስትስ ቢሆን ለአንቀጹ ምኑ ነው? ራሴን ታዘብሁ።

ስለምን አላሳደስህም? ከደረት ኪሱ ውስጥ
አንዲት ቁራጭ አወጣ፣ ላብ ያራሳት እስክትላጥ፤
የወረፋ ቁጥር ነች፤ መቶ አሥራ ሁለት።
«ሐሙስ ሄድሁ፣ ሲስተም የለም፤ ሰኞ ሄድሁ፣ የለም መብራት።
ማክሰኞ ቆቦ ላይ ሽንኩርቱ ተነቅሎ ይጠብቃል፤
ሽንኩርት ሲስተም አያውቅም ወንድሜ፤ ይበሰብሳል።»

አንቀጹን አነበብሁለት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፦
አሽከርካሪው የፀና ፈቃድ ካልያዘ
ኩባንያው ለተሽከርካሪው ጉዳት ካሳ አይከፍልም።

የፀና።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚህ ቁልቁለት፣
ፍሬን በሚያቃጥል፣ ማርሽ በሚያስጮህ ዳገት፣
አንድ ዶሮ ሳይገድል መሪ ላይ የፀና፤
እጁ ፀንቶ ሳለ ካርዱ ግን አልፀና።

«ፈቃዱ ነው» አለ፤ ወደ ጣሪያው አየ።
የቱን ፈቃድ ማለቱ እንደሆን አልለየ።

የልጁ አባት ጌጡ ከአፋፉ ወርዶ መጣ፣
ሳይጠሩት፣ በእግሩ፣ ዝናብ ከላይ ሲያወጣ፤
«ያ ሰው ገደል ባይመርጥ፣ ልጄ ገደል ነበር።
ይህን ጻፍልኝ» አለኝ። ፎርሙን አየሁ።
«የምስክር ቃል» የሚል አለ እርግጥ፤ ሁለት መስመር፦
ፍጥነት፣ አቅጣጫ፣ የአየር ጠባይ።
ለውለታ የሚሆን ሳጥን የለም።

ለልጁ ሕክምና እንከፍላለን፣ ለአህያዋም፤
ሦስተኛ ወገን ነው፤ ሕጉ አይረሳውም።
ከፍለን ስናበቃ ግን፣ ደረሰኙን ይዘን
ሙሄን እንጠይቃለን፣ «መልስ» ብለን።

ደብዳቤውን ጻፍሁ። ማኅተሙን ሁለቴ መታሁ፣
ቀለሙ ሳስቶ ነበር።
የመጨረሻው መስመር፦ «ቅር ቢልዎ
በሠላሳ ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላሉ።»
ሙሄ በጣቱ እየተከተለ አነበበ፤
ጣቱ ቁጥሩ ላይ ደርሶ ቆመ።
ሳቀ፤ ትከሻው እስኪነቃነቅ ሳቀ።
«እኔ በስድስት ቀን ወደቅሁ፤
እናንተ ጋ ሠላሳ ቀን ትርፍ ነበረ እንዴ?»

መልስ ስፈልግ አይቶ ትከሻዬን መታ፤
«አብሽር» አለኝ፣ እኔን! ወጣ በዝግታ።

የወረፋ ቁጥሯ ጠረጴዛዬ ላይ ቀርታለች።
ስምንተኛ ገጽ ላድርጋት ብዬ ፋይሉን ከፈትሁ።
ትንሽ ናት፤ ክሊፑ አይዛትም።